«በራሱ ግኝት ራሱን አዳነ» የተባለው ነገር

የአራዳ ታዛቢ፦
ዛሬ ጠዋት አንድ የሬዲዮ የጤና ዝግጅት ስለ ራልፍ ስታይንማን ሲተርክ «በራሱ ግኝት ራሱን ከካንሰር ያዳነው የኖቤል ተሸላሚ» አለ። አዳነ? ሰውዬው የሞተው በዚያው በቆሽት ካንሰር ነው እኮ! እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2011፣ ዓርብ ዕለት አረፈ። ሰኞ ኦክቶበር 3 የኖቤል ኮሚቴው ስሙን ሲጠራ መሞቱን የሚያውቅ አንድም ሰው በአዳራሹ አልነበረም። የዳነ ሰው እንዲህ ነው?

ተስፋ አይቆረጥም፦
አንተ ደግሞ ነገር ለመሰንጠቅ ማን ይችልሃል! የቆሽት ካንሰር የተገኘበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓመት አይደፍንም። ስታይንማን በ2007 ተነግሮት አራት ዓመት ተኩል ኖረ፤ ምርምሩንም አላቋረጠም። ይህ መዳን ካልሆነ ምን ይባላል?

የላብራቶሪ ሰው፦
ረዘም ላለ ጊዜ መኖር ይባላል። ያኖረው ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፣ ኬሞቴራፒ ወስዷል፤ በዚያ ላይ እስከ ስምንት የሚደርሱ የሙከራ ሕክምናዎች አድርጓል። እሱ ባገኘው፣ ሌሎቹን የሰውነት መከላከያ ሴሎች በሚቀሰቅሰው የዴንድሪቲክ ሴል ላይ የተመሠረቱት ክትባቶች ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ከዚህ ሁሉ መካከል አንዱን መዝዞ «ያኖረው ይህ ነው» ማለት እንዴት ይቻላል? በሽተኛው አንድ ነው፤ ክትባቱን ሳይወስድ የቀረ ሁለተኛ ስታይንማን የለንም።

ተስፋ አይቆረጥም፦
ይሠራበት የነበረው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሞቱን ዜና ሲያወጣ ዕድሜው እሱ ራሱ በነደፈው ሕክምና መራዘሙን ገልጿል። ከሮክፌለር በላይ አንተ ታውቃለህ?

የላብራቶሪ ሰው፦
በሐዘንና በኖቤል መካከል በአንድ ጠዋት የተጻፈ መግለጫ ነው። ሙት ወቃሽ ላለመሆን እንጂ እዚያው ግቢ ያሉ ተመራማሪዎች ተማሪያቸው እንዲህ ያለ ድምዳሜ ቢያመጣላቸው ወረቀቱን ይመልሱለት ነበር።

ሲስተር ከጅማ፦
እናንተ በቃላት ትጫወታላችሁ፤ መዘዙ የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው። እንዲህ ያለ ዝግጅት በተላለፈ ማግስት ቀዶ ሕክምና የተቀጠረላቸው አንድ አባት ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። «የራስን ሴል አውጥቶ አሠልጥኖ መመለስ አለ አሉ፤ ይቅርብን ቢላዋው» ብለው ቀጠሮውን ሰረዙ። ስታይንማን ራሱ መጀመሪያ ቢላዋው ሥር እንደተኛ የነገራቸው የለም።

ተስፋ አይቆረጥም፦
ሲስተር፣ ጥፋቱ የሬዲዮው ነው እንጂ የስታይንማን አይደለም። በሽተኛን ተስፋ መንሳት ደግሞ ሕክምና አይባልም።

ሲስተር ከጅማ፦
ተስፋ የነሳሁት መቼ ነው? ያልተባለውን አታስብለኝ ወንድሜ።

የሞንትሪያል ነዋሪ፦
ስለ አሟሟቱ ብቻ ትጨቃጨቃላችሁ። የእኛ ከተማ ልጅ ነው፤ በ1943 እዚህ ሞንትሪያል ተወልዶ በማክጊል የተማረ። በ1973 ከዛንቪል ኮን ጋር በአይጥ ጣፊያ ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ አዲስ ሴል፣ ያንኑ ዴንድሪቲክ ሴል፣ አየሁ ሲል የሙያ ባልደረቦቹ ምን አሉት? «ማክሮፋጅ ነው፣ የታወቀው ጀርም በላ ሴል፤ አታድክመን።» ከጣፊያው ሴሎች አንድ በመቶ እንኳን የማይሞላ ነገር ይዞ ሃያ ዓመት ሙሉ ተከራከረ። በ1978 ይህ ሴል ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች በመቀስቀስ ከመቶ እጥፍ በላይ እንደሚበልጥ አሳየ፤ ያኔም ብዙዎቹ አላመኑትም። ትልቁን የሕክምና ምርምር ሽልማት፣ ላስከርን፣ ያገኘው በ2007፣ ካንሰሩ በተነገረው በዚያው ዓመት ነው። ለእኔ ታሪኩ ይህ ነው።

የአራዳ ታዛቢ፦
«የእኛ ከተማ ልጅ» ስትል ግን ሳቄ መጣ። አንተ ከመቼ ወዲህ ነው?

የሞንትሪያል ነዋሪ፦
ግብር የምከፍልበት ከተማ የእኔ ነው። ቀጥል።

ደንብ አክባሪ፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ከ1974 ጀምሮ የኖቤል ደንብ ለሞተ ሰው ሽልማት አይሰጥም ይላል። የተተወው ቀዳዳ ስሙ ከተጠራ በኋላ ለሞተ ሰው ብቻ ነው። ስታይንማን ግን ቀድሞ ነው የሞተው። «በቅን ልቦና ወስነናል» ብለው አጸኑለት፤ ከአሥር ሚሊዮን ክሮነሩም ግማሹ የእሱ ሆነ። ደንብ ለአንዱ ከታጠፈ ለሌላውም ይታጠፍ! የዚያን ዓመት ሌላውን ግማሽ ሰውነት የገባበትን ጀርም መጀመሪያ እንዴት እንደሚለይ ያሳዩት ቦይትለርና ሆፍማን ተካፈሉ። ሰውነት ጀርምን የሚለይባቸው ተቀባዮች አሉ የሚለውን ሐሳብ በ1989 የቀመረው ቻርልስ ጄንዌይ በ2003 ስለሞተ ቀረ እንበል። በ1997 ከጄንዌይ ጋር ከእነዚህ ተቀባዮች አንዱን፣ የሰውን ቶል ተቀባይ፣ ያሳየው ሜድዢቶቭስ? በሕይወት አልነበረም እንዴ? በዚያው በ2011 የሾው ሽልማት የተባለው ሌላ የሳይንስ ሽልማት ቦይትለርን፣ ሆፍማንንና ሜድዢቶቭን አንድ ላይ ሸልሟል።

የላብራቶሪ ሰው፦
ስለ ሜድዢቶቭ እስማማለሁ። ስለ ደንቡ ግን አልስማማም። ሳያውቁ የወሰኑትን ሲያውቁ ይነጥቁ? ከሟች ቤተሰብ እጅ?

ደንብ አክባሪ፦
«ሳያውቁ» የሚለው ነው የሚያናድደኝ። አንድ ስልክ መደወል ያቅታል?

የአራዳ ታዛቢ፦
ስልክማ ደውለዋል፤ የሚያነሳ የለም። ሰውዬው ሞቷል!

ቆላ ወጥ፦
ለጄንዌይ የምታለቅሱ ሁሉ ለአክሊሉ ለማ ስንት ጊዜ አለቀሳችሁ? በ1964 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ የበሽታውን መንገድ የሚዘጋ ነገር አገኘ። የዓለም ድርጅቶች ግን በአፍሪካ የተሠራ ምርመራ አናምንም አሉት። በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ተሸለመ፤ ዋናውንማ ማን ይሰጠዋል?

የሞንትሪያል ነዋሪ፦
አክሊሉ ኢሚዩኖሎጂስት፣ የሰውነት መከላከያ ተመራማሪ፣ አልነበረም። ሁሉን ነገር ወደ አገር ቤት መጎተት ምን ይሉታል?

ቆላ ወጥ፦
«የእኛ ከተማ ልጅ» ያልከው አንተ ነህ እኔ?

ደንብ አክባሪ፦
ወደ አገር ቤት ከገባን የ2019ኙም የሰላም ኖቤል ይነሳ እንግዲህ።

የአራዳ ታዛቢ፦
እሱን በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ። እባካችሁ።

ተስፋ አይቆረጥም፦
ወደ ጉዳዩ ልመልሳችሁ። በ2010 አሜሪካ ለፕሮስቴት ካንሰር ፕሮቬንጅ የተባለውን ሕክምና አጸደቀች፤ ከበሽተኛው ከራሱ ደም በተወሰዱ ሴሎች የሚሠራ ነው። ይህ የስታይንማን ፍሬ አይደለም? አሁንም አንድ በሽተኛ ነው ልትለኝ ነው?

የላብራቶሪ ሰው፦
አይደለም፤ ያ በአግባቡ የተሞከረ ነው። ያራዘመውም አራት ወር ገደማ ነው። ለስታይንማን ክትባት ካዘጋጁት አንዱ የሆነው አርጎስ የተባለው ኩባንያ በኩላሊት ካንሰር ላይ ያደረገው ትልቅ ሙከራ ግን በ2017 ከሽፏል። ሬዲዮው ይህን ለምን አይናገርም?

ተስፋ አይቆረጥም፦
አራት ወር ለአንተ ቁጥር ነው። ለበሽተኛው ቤተሰብ ልጅ የሚዳርበት ጊዜ ነው።

ሲስተር ከጅማ፦
አዘጋጆቹ ሐሙስ ክፍል ሁለትን እናቀርባለን ብለዋል። የፕሮቬንጅ ሕክምና ሲጀመር ዋጋው 93,000 ዶላር እንደነበር ከተናገሩ እኔ ቃል አልተነፍስም።

ተስፋ አይቆረጥም፦
ዋጋውን እኔ አላወጣሁትም፣ ሲስተር።