ጥቆማ፦ ቅጠሏ ዝንጉርጉር የሆነች ፖይንሴቲያ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የት ትገኛለች?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች? አንድ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ባለፈው ሳምንት ለሥራ ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ ቤት በረንዳ ላይ ፖይንሴቲያ አየሁ። ያቺ በየግቢያችን ያለችው፣ ለገና ጫፏ የሚቀላው ናት። የዚችኛዋ ግን ቅጠሏ ራሱ ዝንጉርጉር ነው። መሃሉ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ ቅቤ የመሰለ ነጣ ያለ ቢጫ። ከላይ ቀይ፣ ከታች ዝንጉርጉር ሆና ዓይን ትይዛለች። ባለቤቶቹን ስጠይቅ ከአዲስ አበባ በስጦታ የመጣች ናት አሉኝ። ከዚያ ያለፈ አያውቁም።

እናቴ አበባ ወዳጅ ናት። ዘንድሮ ጉልበቷን ታማ ከቤት ብዙም አትወጣም። ለገና ከአልጋዋ አጠገብ ያለው መስኮት ላይ ላስቀምጥላት አስቤያለሁ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ የሚሸጥ ታውቃላችሁ? ስንት ይሆናል? የደሴን ብርድስ ትችላለች?

ቦርከና፦ እህቴ፣ ኮምቦልቻ ከወረድሽማ ነገሩ አለቀ። ወደ ደሴ መውጫው ላይ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። እሳቸውን አልፈሽ ሌላ ቦታ እንዳትሄጂ። እኔ ግቢ ያለው ሁሉ ከእሳቸው የተገዛ ነው። ጽጌረዳው፣ ጌሾው፣ ሎሚው፣ ሁለቱ አቮካዶ። አንድም አልደረቀብኝም።

የጦሳ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዝንጉርጉሯን ፖይንሴቲያ አይተህባቸዋል?

ቦርከና፦ እሱን እንኳ አላየሁም። ግን ካለች እሳቸው ጋ ነው የምትኖረው።

ኡሙ ሰሚር፦ አሰላሙ ዐለይኩም። የኔ ሸጋ፣ ብር ከማውጣትሽ በፊት የኔን ስሚ። ዓምና በዚሁ ሰሞን እዚሁ ደሴ ከአንድ ሻጭ ገዛሁ። "አዲስ ዝርያ ናት፣ ከውጭ የገባች" ብሎ አንድ ቫዞ በ600 ብር ሰጠኝ። ቅጠሏ ልክ አንቺ እንዳልሽው ነው። ዳሩ ቢጫ፣ መሃሉ አረንጓዴ። ደስ ብሎኝ ሳሎን አስቀመጥኳት። ቡና በፈላ ቁጥር ከአቦሉ እስከ በረካው ወሬው ስለሷ ሆነ። ጎረቤት ሁሉ "ማሻአላህ" ይላል።

ከዚያ ልንከባከባት ብዬ አፈሯን ለወጥኩ። በደንብ የበሰበሰ ፍግም ጨመርኩላት። ወር ከምናምን ስትቆይ ቢጫው እየጠፋ ሄደ። አንዳንዱ ቅጠል ረገፈ። የቀረው ያው ራሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ። ለካ ዝንጉርጉር አልነበረችም። ርቧት ነው! ወላሂ አልቅሻለሁ። ለብሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የተራበችን ነገር ጌጥ ናት ብዬ ለሰው ሳሳይ መክረሜ ነው አንጀቴን የበላው።

ሸዋ በር፦ ለቢጫ ቅጠል 600 ብር? ምነው እኔ ጋ ብትመጪ ኖሮ! ጓሮዬ ያለው ጎመን ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። በ300 እሰጥሽ ነበር።

ኡሙ ሰሚር፦ ወንድሜ፣ በሰው ጉዳት አይሳቅም። እኔ ሌላ ሰው እንዳይሞኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ቦርከና፦ ኡሙ ሰሚር፣ ከየት ነው የገዛሽው? የኔዋ እናት እንዲህ ያለ ሥራ አይሠሩም።

ኡሙ ሰሚር፦ ደሴ አልኩህ እኮ። የሰው ስም አልጠራም። ሻጩ ራሱም ላያውቅ ይችላል።

ቦርከና፦ አየሽ! ኮምቦልቻ ወርደሽ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይደርስብሽም ነበር።

የወልድያው፦ ሻጩ ላይ አትፍረዱ። ዝንጉርጉር ቅጠል ያለው ተክል ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። የኔ ክሮተን እንዲሁ ሆኗል። ፍጥረቱ ነው እንጂ ረሃብ አይደለም። ኡሙ ሰሚር ትክክለኛዋን ገዝታ ፍጉን አብዝታባት ይሆናል።

ኡሙ ሰሚር፦ እንዴ! አሁን ደግሞ ጥፋቱ የኔ ሆነ?

ፒያሳ፦ እኔም ልጠይቅ። እኛ ግቢ ያለችው ተራዋ ቀይ ናት፤ ቁመቷ ከአጥር በላይ ሆኗል። ድሮ በታኅሣሥ እሳት ትመስል ነበር። ሁለት ዓመት ሆናት፣ በመንገዱ በኩል ያለው ጎኗ አይቀላም። በጓሮ በኩል ያለው ግን ይቀላል። መድኃኒት ይኖረው ይሆን?

ሸዋ በር፦ በመጀመሪያ ኡሙ ሰሚር፣ አውፍ በይኝ። ቀልድ መስሎኝ ነው፤ አበዛሁት። ፒያሳ፣ የአንተን እኔ አውቀዋለሁ። መንገዱ ላይ አዲስ መብራት አልተተከለም? የእናቴ ግቢ እንዲሁ ሆኖ ነበር። በረንዳው ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ አምፖል አስገባንላት። በአምፖሉ በኩል ያለው ጎን በዚያው ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ይቺ ተክል ለመቅላት ረጅም ጨለማ ትፈልጋለች። በቀን 12 ሰዓት፣ ቢቻል እስከ 14 ሰዓት ምንም ብርሃን የሌለበት ሌሊት። ያውም ለሳምንታት ሳይቋረጥ። እኛ አገር ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ12 ሰዓት ስለሚያልፍ በራሷ ጊዜ ትቀላለች። አምፖል ካገኛት ግን ሌሊቱ የመጣ አይመስላትም። እኛ አምፖሉን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ማጥፋት ጀመርን። በዓመቱ ቀላች።

ፒያሳ፦ ሱብሃነላህ! መብራቱ የተተከለው ልክ ሁለት ዓመቱ ነው። እሱን ማጥፋት አልችልም። በዚያ በኩል ማዳበሪያ ልጠቀም?

ሸዋ በር፦ ማዳበሪያ አያቀላትም። ከጓሮው ቅርንጫፍ ቁረጥና መብራቱ የማይደርስበት ሌላ ጥግ ትከል።

ሐይቅ ዳር፦ ስትቆርጡ ተጠንቀቁ። ነጭ ወተቷ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል። ከቅንጭብና ከቁልቋል ጋር ዘመድ ናት። ትገድላለች የሚሉት ግን ተጋኗል። የእህቴ ልጅ አንድ ቅጠል አኝኮ ሆዱን ትንሽ አመመው እንጂ ደኅና ነው። ቢሆንም እጃችሁን ታጠቡ።

ግብርናው፦ ዘግይቼ ገባሁ። ሆርቲካልቸር ነው የተማርኩት። ቆቃ አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ላይም ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ የፖይንሴቲያ ቁራጭ ይባዛና በእኛ ክረምት ወደ አውሮፓ ይላካል። እነሱ አሳድገው ለገናቸው ይሸጡታል።

የኡሙ ሰሚር ረሃብ ነው። እኔ በዚህ አልጠራጠርም። ዝንጉርጉሯ ቅጠሏ ውስጥ ሁለት ዓይነት ህዋስ ጎን ለጎን አለ። አንዱ አረንጓዴውን ቀለም ይሠራል፣ ሌላው መሥራት አይችልም። አንዴ ነጥቶ የወጣ ዳር ፍግ ስለበላ አረንጓዴ አይሆንም። የወልድያው ያልከው መመለስም አለ። ግን የሚመለሰው በአዲስ ቅርንጫፍ ነው። ከመሃል አንድ ሙሉ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ይወጣል። እሱ ጉልበት ስላለው ቶሎ ካልተቆረጠ ሌላውን ውጦ ያስቀራል። ያረጀው ቅጠል ግን እንደነበረ ይቆያል። የኡሙ ሰሚር ግን ያው ራሱ ቅጠል ነው የተለወጠው።

የጦሳ ልጅ፣ ስትገዢ መጀመሪያ ለጋውን ቅጠል እዪ። እውነተኛዋ ከለጋው ጀምሮ ዝንጉርጉር ናት። የቢጫውና የአረንጓዴው ድንበር በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። አንዱ ቅጠል ከሌላው መልክ ይለያል። ረሃብ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከታች ካረጁት ቅጠሎች ይጀምራል፣ ቢጫውም ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴው ይደበዝዛል። ዳሩ ከደረቀና ወደ ላይ ከተጠቀለለ ተያት። "ከዘር የበቀለች ናት" ካሉሽም አትመኚ። ዝንጉርጉሯ የምትባዛው በቁራጭ ነው።

"አዲስ ዝርያ" የሚለው ቃልም ዋጋ አያስጨምርብሽ። አዳዲስ ይወጣሉ፣ ግን ታፔስትሪ የሚባለው ለምሳሌ የቆየ ነው። እሱም ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ፣ ላዩ ቀይ ነው።

ብርዱን ጠይቀሽ ማንም አልመለሰልሽም። ከ10 ዲግሪ በታች አትወድም። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የታኅሣሥ ሌሊት ውጪ ካደረች ቅጠሏን ልታረግፍ ትችላለች። ቀን መስኮቱ ላይ፣ ማታ ከመስተዋቱ ራቅ አድርጊያት። ብርሃን ከተራዋ ይበልጥ ትፈልጋለች፣ አረንጓዴው አነስተኛ ስለሆነ ምግቧን የምትሠራው በጥቂቱ ነው። ለዚህም ነው ቀስ ብላ የምታድገው። ውሃ የላዩ አፈር ሲደርቅ ብቻ። ከታች ባለው ሳህን ውሃ አይተኛ፣ ሥሯ ይበሰብሳል። ከኮምቦልቻ ስታመጫት በጋዜጣ ጠቅልያት፣ የመኪና መስኮት ንፋስ ይጎዳታል።

የወልድያው፦ ተቀብያለሁ። የኔ ክሮተንም በአዲስ ቅርንጫፍ ነው የተመለሰው፤ አሁን ሄጄ አየሁት። ዛሬውኑ እቆርጠዋለሁ። ኡሙ ሰሚር፣ ይቅርታ።

ቦርከና፦ ግብርናው ጥሩ ብሏል። ይሄን ሁሉ ግን የኔዋ እናት ያውቁታል። ሂጂና ጠይቂያቸው።

መምህር፦ ለጠቅላላ እውቀት ያህል። የምትቀላው አበባዋ አይደለችም፣ ቅጠሏ ነው። አበባዋ መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ቢጫ ነገር ናት። አገሯ ሜክሲኮ ነው። ስሟን ያገኘችው ጆኤል ፖይንሴት ከሚባል አሜሪካዊ ዲፕሎማት ነው። በፈረንጆች 1828 ከሜክሲኮ ወደ አገሩ ላካት። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም፤ የወሎ ናት ይሉኛል። እኔም ልጅ እያለሁ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ሐይቅ ዳር፦ የጦሳ ልጅ፣ ሐይቅ ላይ ችግኝ የሚያፈሉትን ሦስቱን ዛሬ ዞሬ ጠየቅኩልሽ። ተራዋን ቀይ ሁሉም አላቸው። በጥቁር ላስቲክ ያለችው 100 ብር፣ ቫዞ ላይ ያደገችው 250። አንደኛው ነጭ ጫፍ ያላትም አለው። ዝንጉርጉር ግን የለም። ባለቤቴ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ከፈለግሽ እዚያ ፈልጎ ያምጣልሽ፤ የግብርናውን ምልክቶች ጽፌ እሰጠዋለሁ። ሌላው መንገድ ደግሞ እዚያ ኮምቦልቻ ያየሽባቸውን ሰዎች አንድ ቁራጭ መለመን ነው። አበባ ወዳድ ሰው ቁራጭ አይከለክልም።

የጦሳ ልጅ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለእናቴ አንድ በአንድ እያነበብኩላት ነው። ኡሙ ሰሚር፣ እናቴ ስላንቺ በጣም አዘነች። "ያቺ የራባት አሁን እንዴት ሆነች ብለሽ ጠይቂልኝ" ብላኛለች።

ፒያሳ፦ እኔ ጓሮ ካለው ቆርጬ ተከልኩ። በስንት ቀን ሥር ያወጣል?

ግብርናው፦ ሦስት፣ አራት ሳምንት። ጥላ ውስጥ ይሁን። ዋናው መትከያ ግን የክረምት መግቢያ ነበር፣ አሁን ከደረቀብህ ተስፋ አትቁረጥ።

ሸዋ በር፦ የጦሳ ልጅ፣ ገና ደረሰ። ከየት ገዛሽ በመጨረሻ?

ኡሙ ሰሚር፦ ለእናትሽ ንገሪልኝ፣ ደኅና ናት። በክረምቱ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተከልኳት፣ ወገቤ ድረስ ደርሳለች። ማታ ማታ መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ የሳሎኑ መብራት እንዳይደርስባት። ዛሬ ለፈጅር ስነሳ አየኋት። ሦስት ቅጠል ከጫፏ ቀልቷል። እናትሽ ከፈለገች ሰሚርን በላስቲክ አስይዤ አንድ ቁራጭ እልክላታለሁ። ብር አልቀበልም።