ባኞ ቤቱ በየቀኑ ይታጠባል፣ ሽታው ግን አልጠፋም፤ ከየት ነው የሚመጣው?

የባቢ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ባኞ ቤቱ መስኮት የለውም፣ ወደ ሻፍቱ (ከላይ እስከ ታች ወደሚወርደው የሕንፃው የአየር ክፍተት) የምትከፈት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ናት ያለችው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ በቀሩት ቀናት ከበርሜል እየቀዳን ነው የምንጠቀመው።

ሽታው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠዋት ጠዋትና ቤቱ ተዘግቶ ውሎ ማታ ሲከፈት የሚመጣ ነው፣ የተበላሸ እንቁላል ይመስላል። ሌላው ከመቀመጫው አካባቢ ቀኑን ሙሉ የማይለቅ የሽንት ሽታ ሲሆን ወለሉ ከታጠበ በኋላ ጭራሽ ይብሳል። በረኪና በየቀኑ ይደፋል፣ የሚረጭ ሽቶ አለ፣ የወለሉ ማፍሰሻ ላይ ናፍታሊን ተቀምጧል። ሽቶው 10 ደቂቃ ያህል ይሸፍነውና ከዚያ ሁለቱ ተቀላቅለው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር ይሆናሉ። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ውሃ ሲለቁ ደግሞ የእኛ የወለል ማፍሰሻ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ቤት ውስጥ የ2 ወር ሕፃን ስላለ ነገሩ አሳስቦኛል። ከየት ልጀምር?

ጋሽ ቧንቧ፦

የባቢ እናት፣ ሁለቱን ሽታ ለይተሽ መጻፍሽ ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። የእንቁላሉ ሽታ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣ ነው፤ የሽንቱ ግን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ያለ ነው። የመጀመሪያውን የፈለገ በረኪና ብትደፊ አታጠፊውም፣ ቆሻሻው ያለው አንቺ ቤት አይደለማ። እኔ ስለ እሱ ልጻፍ፣ ሁለተኛውን ጽዳት የሚያውቁት ይሙሉበት።

ፍሳሽ የሚወርድበት ቀዳዳ ሁሉ ከስሩ ውሃ የሚቋጥር ቦታ አለው፣ ሲፎን የምንለው። መዝጊያው እዚያ የቆመው ውሃ ነው። በደንብ የተሠራ ሲፎን 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ውሃው እስካለ ጋዝ አያልፍም፤ ከደረቀ ወይም ከተሳበ ግን ባኞ ቤትሽና ማንሆሉ አንድ ክፍል ሆኑ ማለት ነው።

የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ከመገመት ፈትሺው። ቤት ውስጥ ሰው የማይኖርበትን ሦስት አራት ሰዓት ምረጪ። ወለሉን በጨርቅ አድርቂና የወለሉን ማፍሰሻ፣ የላቫንዲኖውን ቀዳዳ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለ የሱን መግቢያ፣ እያንዳንዱን ለብቻው በላስቲክ ሸፍነሽ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፊ። ስትመለሺ የአንዱን ጥግ ገልጠሽ አሽትቺ፣ ወደ ቀጣዩ ከማለፍሽ በፊት ወጥተሽ ንጹህ አየር ውሰጂ። ይህን ጋዝ አፍንጫ ቶሎ ይለምደዋል፤ ተከታትለሽ ካሸተትሽ ሁሉም ደህና ይመስልሻል። ለመቀመጫው እግር ደግሞ ሰንደል ለኩሺና ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት መስመር ዙሪያውን ቀስ ብለሽ አዙሪው፤ የሆነ ቦታ ላይ ጭሱ ተገፍቶ ከሸሸ እዚያ ጋ ይተነፍሳል። ሰንደሉን ግን ወደ ቀዳዳ ውስጥ እንዳትሰጂው፣ የፍሳሽ ጋዝ ይቀጣጠላል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የወለሉን ማፍሰሻ ነው። ወንፊቱን በካቻቢቴ አንሺው። ከስሩ እንደ ተደፋ ኩባያ ያለ የፕላስቲክ ቆብ መኖር አለበት፣ ሽታውን የሚያግደው የቆቡ አፍ ውሃ ውስጥ ስለሚጠልቅ ነው። ፀጉርና ሳሙና ሲይዘው ውሃ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ አንዱ «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ውሃውም ቶሎ ይወርዳል፣ ሽታውም ቶሎ ይወጣል። ቆቡ ከሌለ የወንፊቱን ጎንና የቧንቧውን የውስጥ ስፋት በማስመሪያ ለኪ፣ ወንፊቱንም ራሱን ይዘሽ ወደ ቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሂጂ፤ በዓይን ግምት የተገዛ ቆብ አይገጥምም። ሲወርድ የሚከፈት፣ ሲያበቃ የሚዘጋ የሲሊከን ከንፈር ያለውም ይሸጣል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት እሱ ይሻላል፣ መዝጊያው ውሃ ስላልሆነ። ድክመቱ አንድ ፀጉር ከንፈሩ መሃል ከተጋደመ ክፍት ሆኖ መቅረቱ ነው፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ወጥቶ ይለቅለቅ።

ቆቡ በቦታው ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ውሃ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ በበጋ ቶሎ ይደርቃል። በየሁለት ቀኑ 1 ሊትር ውሃ ጨምሪበት፤ ልብስ የተለቀለቀበትም ይሆናል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ውሃውን ሞልተሽ ከላይ 2 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት አፍስሺበት፣ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል። በዘወትር ግን አታድርጊው፣ ቆሻሻ ይጋግራል።

ከላቫንዲኖው ስር እንደ አኮርዲዮን የምትሳብ ቱቦ ካለች ታጥፋ ውሃ እንድትቋጥር ተደርጋ መታሰር አለባት። ቀጥ ብላ ከተወጠረች ሲፎን የለም ማለት ነው። ግድግዳው ውስጥ የምትገባበትንም እዪ፤ ቀጭኗ ቱቦ ሰፊው ፒቪሲ ውስጥ ዝም ብላ ተሰክታ ዙሪያዋ ክፍት ከሆነ ሽታው በዚያ ይወጣል። የጎማ ቀለበት አለው፤ እሱ እስኪገኝ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠሽ አጥብቀሽ ጠምጥሚበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባልዲ የምትጠቀሙ ሁሉ የምትስቱት ነው። መቀመጫው ቆሻሻውን የሚስበው ውሃ ባንዴ ሲመጣበት ነው። በጆግ ስምንት ጊዜ ከማፍሰስ 6 ሊትር በባልዲ አንዴ መድፋት ይሻላል። ከሳበ በኋላ ግን ጎድጓዳው ውስጥ የሚቀረው ውሃ ያንሳል። የውሃ ሳጥኑ ሲሠራ የጎደለውን የሚሞላ ቀጭን ቱቦ አለው፣ ባልዲ ያ የለውም። ስለዚህ ከደፋሽ በኋላ ሌላ 1 ሊትር ቀስ አድርገሽ ጨምሪ። ጠዋት ጠዋት የሚሸተው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

ንጹሕ ወለል፦

የሽንቱን እኔ ልውሰድ። በረኪና እዚህ ጋ የሚያታልለው ቀለሙን ስለሚያነጣ ነው። ሽንት ሲደርቅ ድንጋይ የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ይሠራል፣ በረኪና ያነጣዋል እንጂ አያሟሟውም። ቅርፊቱ ነጭ ሆኖ እዚያው ይቀመጣል፤ ውሃ ሲነካው እንደገና መሽተት ይጀምራል። ከታጠበ በኋላ የሚብሰው ለዚህ ነው። እንዲያውም በረኪና ሽንት ላይ ሲፈስ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፣ ለሕፃን ደግሞ ይበልጥ አይሆንም። ቅርፊት የሚያሟሟው አሲድነት ያለው ነገር ነው፦ አቼቶ ወይም ሲትሪክ አሲድ።

መጀመሪያ ከመቀመጫው ከንፈር ስር የእጅ መስታወት አስገብተሽ እዪ፤ በእጅ ባትሪ አብሪበት። ከላይ የሚያብረቀርቅ መቀመጫ ከስር እንዴት እንደሆነ ታያለሽ። ከዚያ ጓንት አድርጊ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ያለውን ውሃ በብሩሽ እየገፋሽ ዝቅ አድርጊው (ሙሉ በሙሉ አይለቅ፣ አለበለዚያ የጋሽ ቧንቧ ጋዝ ይመጣብሻል)። ሶፍት አቼቶ ውስጥ ነክረሽ ከንፈሩ ስር ዙሪያውን ለጥፊና ማታውን ሙሉ ተይው። ግማሽ ሊትር አቼቶ ይበቃል። ጠዋት ሶፍቱን ሰብስበሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣይ፣ ወደ ቧንቧው አትልቀቂው፤ በብሩሽ ፈግፍገሽ ውሃ ልቀቂ። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ሁለት ሦስት ሌሊት ይፈልጋል። በብረት መፈግፈጊያ አትንኪው፤ የሴራሚኩ ልባስ ከተጫረ ከዚያ በኋላ ቆሻሻ በቀላሉ ይይዘዋል።

ለወለሉ 1 ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ 3 የሾርባ ማንኪያ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት አሟሚ፣ መቀመጫው ዙሪያ አፍስሺና 10 ደቂቃ ቆይተሽ በጥርስ ብሩሽ የሴራሚኩን መገጣጠሚያ እሺው፣ ከዚያ አለቅልቂ። ከ15 ደቂቃ በላይ አይቆይ፣ የመገጣጠሚያውን ሲሚንቶ ይበላል። ወለሉ እብነ በረድ ከሆነ ጨርሶ አይነካው። የመቀመጫውን ክዳን የያዙትን ሁለት ቡሎኖች ፈትተሽ ከስራቸው እዪ፤ እዚያ የሚጠራቀመውን ማንም አያየውም። የመወልወያው ጨርቅም እርጥቡን ጥግ ላይ የሚቆም ከሆነ ሽታውን ወለሉ ላይ የምትቀቢው በሱ ነው።

ማስጠንቀቂያው ይህ ነው፦ አሲድና በረኪና በአንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ አይገናኙ። ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። ዛሬ አቼቶ ከሆነ በረኪናው ለነገ ይቆይ፣ በመካከል በብዙ ውሃ ይታጠብ። በረኪና ስትጠቀሚም 5 በመቶ የሆነውን 100 ሚሊ ሊትር በ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፤ 10 ደቂቃ ወለሉ ላይ ይቆይ፣ ከዚያ ይታጠብ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ሙቅ ውሃ በረኪናን ያደክመዋል።

በመጨረሻ፣ መቀመጫው እግር ስር ሽንት እየገባ ከሆነ ዙሪያውን በሲሊከን ዝጊው።

ጋሽ ቧንቧ፦

ሁሉም ልክ ነው፣ የመጨረሻዋን ብቻ ላስተካክል። ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ አትዝጊው፣ ከኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይቀር። ከስር ያለው የጎማ ማገናኛ ካፈሰሰ ውሃው በዚያ ወጥቶ ይታያል። ከተዘጋ ግን ከሴራሚኩ ስር ተጠራቅሞ በታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ በኩል ነው የምትሰሙት። ሲሊከን ከመቀባትሽ በፊት ደግሞ መቀመጫውን በሁለት እጅ ይዘሽ ነቅንቂው። ከተነቃነቀ ማገናኛው ተጎድቷል፣ ተነስቶ ጎማው መቀየር አለበት፤ የሚነቃነቅ ነገር ላይ የተቀባ ሲሊከን ወር አይቆይም።

አሪቲ፦

ሽታን በሽታ ማከም አይቻልም እንጂ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ካለቀ በኋላ መልካም መዓዛ ማከል ነውር የለውም። ናፍታሊኑን ግን ዛሬውኑ አውጥተሽ ጣይው። ለብል መከላከያ የተሠራ ነው፣ ትነቱ መርዛማ ነው፤ በተለይ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ቀይ የደም ሴል ይፈርስባቸዋል። የ2 ወር ሕፃን ባለበት ቤት ቦታ የለውም፣ ከሕፃኑ ልብስ መሃልም ካለ ይውጣ።

በምትኩ በትንሽ ብርጭቆ ግማሽ ድረስ ቤኪንግ ሶዳ አድርጊ፣ የጠጅ ሳር ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት 5 ጠብታ ጨምሪበት፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነሽ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ፣ በየወሩ ቀይሪ። ሕፃኑ እስኪያድግ ዘይቱን ትተሽ ሶዳውን ብቻ ብታስቀምጪ ይበልጣል። አሪቲና ጤና አዳም እንደ እቅፍ ታስረው ከበር ጀርባ ሲሰቀሉ ደስ ይላሉ፣ ሲደርቁ ግን ይነሱ። የቡና አተላ የምታስቀምጡ ካላችሁ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ እርጥቡ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ዕጣን መስኮት በሌለው ባኞ ቤት ውስጥ አልመክርም፣ ጭሱ የሚወጣበት ስለሌለ ኮርኒሱን ያጠቁራል፣ ሕፃኑም ይስበዋል።

የባቢ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ናፍታሊኑ ወጥቷል። በላስቲኩ ሙከራ የወለሉ ማፍሰሻ ነው የሸተተው፣ ቆብ የለውም። መቀመጫው አይነቃነቅም። የሲሊከን ከንፈር ያለውን ቆብ ልገዛ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ቡልቅ ቡልቅ የሚለውስ? ሻፍቱ ላይ ባለችው ቀዳዳስ ቬንቲሌተር ባስገጥም?

ጋሽ ቧንቧ፦

ቬንቲሌተሩ ጥሩ ነው፣ ግን ቆቡ ከገባ በኋላ። አሁን ብታስገጥሚው አየር የሚስበው ከፍሳሹ ነው። ክፍሉ 1.5 በ2 ሜትር፣ ከፍታው 2.4 ከሆነ 7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ በሰዓት 80 ሜትር ኩብ የሚስብ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ሲጠፋ የሚዘጋ ክንፍ ያለውን ግዢ፣ አለበለዚያ የጎረቤት ሽንኩርትና ሲጋራ በሻፍቱ ተመልሶ ይገባል። ከበሩ ስር 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ አየር ካልገባ አይወጣም። ከሻወር በኋላ 20 ደቂቃ ይሥራ።

ቡልቅታው የአንቺ ብቻ አይደለም፣ የሕንፃው ነው። ከላይ የሚወርደው ውሃ ከፊቱ አየር ይገፋል፣ ከኋላው ይስባል። ያን አየር የሚሰጠው ጣሪያ ላይ የሚወጣው የቧንቧው ጫፍ ነው። እሱ ከተደፈነ አየሩን ከአንቺ ሲፎን ይወስዳል፣ የላቫንዲኖውንም ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል። ለኮሚቴው ንገሪና ጣሪያ ላይ የሚወጣ ባለሙያ ይላክ፤ የወፍ ጎጆ፣ ላስቲክ፣ አንዳንዴም ከግንባታ የቀረ ሲሚንቶ ይገኝበታል። አንዱ ከስር ውሃ ሲለቅ ባለሙያው ጫፉ ላይ ስስ ሶፍት ይያዝ፤ ሶፍቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ክፍት ነው። ጫፉ በፍርግርግ ይሸፈን፣ ግን ቀዳዳው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፣ የወባ ትንኝ መረብ ያህል ጠባብ ከሆነ በአቧራ ይደፈናል።

ላዩ ክፍት ሆኖ ቡልቅታው ከቀጠለ ግቢው ውስጥ ያለውን ማንሆል ክዳን አንስታችሁ እዩ። ውሃ ቆሞ ከሞላ መስመሩ ከዚያ ወዲያ ተዘግቷል፣ የሚመጥ መኪና ነው የሚያስፈልገው። ክዳኑን ስታነሱ ልጆች ይራቁ፣ ዕቃ ወደቀብኝ ብሎም ማንም እንዳይገባ፤ አንድ ሁለት ትንፋሽ ሰው ይጥላል፣ ላውጣው ብሎ የሚከተለውንም ጭምር።