እናቴ ላይ ጮህኩባት

ጠያቂዋ፦
እናቴ የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) እንዳለባት ከተነገረን ሁለት ዓመት ሆነ። የማስታምማት እኔ ነኝ። ትናንት ማታ «አባትሽ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ «ሞቷል አልኩሽ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። አዲስ መርዶ እንደሰማ ሰው አለቀሰች። ከአንድ ሰዓት በኋላ እሷ ረሳችው። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዲህ የሆነባችሁ አላችሁ?

ባሏን ያስታመመች፦
አይዞሽ እህቴ። ጮኼ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ያለቀስኩበት ቀን ብዙ ነው። ክፋት አይደለም፣ ድካም ነው። ደግሞም ሰውዬው አጠገብሽ ተቀምጦ ይናፍቅሻል፤ ይሄ ራሱን የቻለ ሐዘን ነው፣ የሚያስተዛዝንሽም የለም። እናትሽ ሰዓት እየጠየቀችሽ አይመስለኝም፤ ናፍቃው ነው። «ናፈቀሽ? እስቲ ስለሱ አጫውቺኝ» በያት።

ሌላ አባል፦
እኔ ግን እናቴን መዋሸት አይሆንልኝም።

ባሏን ያስታመመች፦
የቱ ጋ ነው ውሸቱ? ይመጣል አላልናትም እኮ። በየቀኑ መርዶ ከማርዳት ይሻላል።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ፦
ልጄ፣ ሲመሽ ግራ መጋባቱ የሚብስባቸው ብዙ ናቸው። ሳይጨልም መብራት አብሪ፣ ቴሌቪዥኑን ዝጊው። በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰባት ግን «በሽታው ነው» ብለሽ አትለፊው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት። አንቺም እንቅልፍ ማጣቱና ሆድ መባሱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ለራስሽ ታከሚ። የእሷን ቀጠሮ ስትቆጥሪ የራስሽን እንዳትረሺ።

የሩቁ ወንድም፦
የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለእነዚህ ሕመምተኞች ከሚውለው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። እኔ እየደወልኩ «እንዴት ናት?» እል ነበር፣ በቃ። እህቴ «እርዳኝ» ስትለኝ አልገባኝም። «ቅዳሜ ከሰዓት እኔ እወጣለሁ፣ አንተ ከእሷ ጋ ትውላለህ» ስትለኝ ነው የገባኝ። ቀኑን ቆርጠሽ ንገሪያቸው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ያንኑ ስትጠይቀኝ «ናፈቀሽ?» አልኳት። ሲስቅ ትከሻው እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነገረችኝ። ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ ትንሽ ቆይታ እንደገና ጠየቀችኝ። ለወንድሜም ቅዳሜን ነግሬዋለሁ፤ «አያለሁ» ብሏል።