ፍጹም ለመሆን መሮጣችን ሞትን ይበልጥ እንድንፈራ አድርጎን ይሆን?

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ባለፈው ሳምንት 34 ዓመት ሲሞላኝ ያነሳሁትን ፎቶ ሰው ከማየቱ በፊት በስልኬ አሳመርኩት፤ ከዓይኔ ሥር ያለውን ጥቁረት አጠፋሁ፤ ብቅ ያሉትን ሁለት ሽበቶችም ደመሰስኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግን ያስጨነቀኝ መሞቱ ሳይሆን ቤቴን ሳልጨርስ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ሳልይዝ፣ ቦርጬን ሳላጠፋ መሞቱ ነበር። ሴት አያቴ ከፈናቸውን አስቀድመው ገዝተው በሳጥን አኑረውት ነበር፤ ክረምቱ ሲወጣ ብል እንዳይበላው ፀሐይ ላይ ያሰጡትና እጥፋቱን አስተካክለው መልሰው ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ቡና ያፈላሉ። እኔ ግን ወሬው ሲነሳ «አታሟርቱ» እላለሁ። ሞት ለእኛ ለምን የግል ሽንፈት መሰለን?

ጡረተኛ መምህር (ኮምቦልቻ)፦
ልጄ፣ በ1974 በፈረንጆች አቆጣጠር በካንሰር በ49 ዓመቱ የሞተው አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ኧርነስት ቤከር፣ ሰው ዝናና ታላቅነትን የሚያሳድደው ሟችነቱን ለመርሳት ነው ይል ነበር። ሐሳቡ ላንተ ፎቶም የሚሠራ ይመስለኛል። በእኛ በኩል ይህን መርሳት የማይፈቅደው ቅሬ፣ ማለትም የወሎው የቀብር እድር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየወሩ መዋጮውን ሲከፍል አንድ ቀን የእርሱም ተራ እንደሚደርስ እያመነ ነው፤ ጎረቤት ሲሞትም አካፋውን ይዞ ይወጣል። አሁን ብዙ ወጣት ገንዘቡን ይልካል እንጂ ቀብር አይቆምም፤ ያላየውን ነገር ደግሞ ሰው አብዝቶ ይፈራል።

ከሐይቅ ዳር፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያለፈውን ዘመን ከልክ በላይ አናሞግስ። ለተዝካር በሬውን ሸጦ ዕዳ ውስጥ የገባ ስንት ገበሬ ነበር? ያም «ሰው ምን ይለኛል» የሚል የፍጹምነት ሩጫ ነው፤ የዚያኛው ለሬሳ፣ የእኛ ለፎቶ ከመሆኑ በቀር። በ1966ም ሆነ በ1977 ረሃብ ወሎዬ ያለ ገናዥ፣ ያለ አልቃሽ ወድቆ ሲቀር ያየ ሰው ሞትን በእርጋታ ተቀበለ ብሎ መናገር ይከብደኛል። ደግሞስ እናት በወሊድ እንዳትሞት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ፍርሃት ምን ነውር አለበት?

ነርስ ነኝ (ወልድያ)፦
ነውሩ ያለው ፍርሃቱ ወደ ሐኪም ቤት ሳያደርስ ሲቀር ነው። በየማለዳው የሚሮጥ፣ እርምጃውን በሰዓቱ የሚቆጥር አንድ ጎረቤት አለኝ፤ የደም ግፊቱን ልለካው ብዬ መሣሪያውን ይዤ ቤቱ ብሄድ ክንዱን ወደ ኋላ ሸሸገ። «ደህና ነኝ፤ ከተለካ ነው የምታመመው» አለኝ። ጤነኛ ሆኖ መታየት ለእርሱ ጤነኛ ከመሆን በልጦበታል፤ በሽታ ቢገኝበት የራሱ ጥፋት ይመስለዋልና። በሥራዬ የማየው ፍርሃት ይበልጡን እንዲህ ያለው ነው።

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኔም ግፊት ከተለካ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ሰኞ ለመሄድ ወስኛለሁ። ትናንት የሰፈራችንን ቅሬ ሰብሳቢ አግኝቼ በራሴ ስም መመዝገብ እንደምፈልግ ብነግራቸው፣ እስከ ዛሬ በአባቴ ስም ተሸፍኜ እንደኖርኩ ገለጡልኝ። መዝገቡን ከመግለጣቸው በፊት ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «መቆፈር ትችላለህ?»