ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ «ሞልቷል» ብዬ ቃለ ጉባኤ ልጻፍ?

ጸሐፊዋ ከፒያሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ የምንሠራ ነጋዴዎች የመሠረትነው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን 214 ናቸው። ድሮ ሁላችንም ከጊዮርጊስ እስከ ደጎል አደባባይ ባለው ውስጥ ስለነበርን ስብሰባ ለመጥራት አንድ ልጅ በየሱቁ መላክ ይበቃን ነበር። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ግን ብዙው ሰው ገላን፣ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ገባ። ቁጠባውን በባንክ ያስገባል፣ ስብሰባ ላይ ግን አይታይም።

ያለፈው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ነበረን። ለ3 ሰዓት ተጠርቶ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። አጀንዳው የኦዲት ሪፖርት፣ የብድር ጣሪያ ማሳደግና የሥራ አመራር ኮሚቴ ምርጫ ነው። ደንባችን ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ጉባኤ የለም ይላል፤ 108 ሰው ማለት ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሁለቴም 97። የፊርማው ወረቀት እጄ ሲገባ 112 ይላል።

ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ከተራ ቁጥር 61 እስከ 75 ያለው በአንድ እስክሪብቶ ነው። እንዲለያይ ተብሎ አንዱ ፊርማ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ተጋድሟል፤ የስሞቹ አጻጻፍ ግን የአንድ ሰው እጅ ነው። 68ኛ ላይ የሰፈሩት እናት በዚያ ጠዋት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ቅዳሜ ማታ ሾርባ ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ።

ሰብሳቢያችን «የቀሩት በስልክ ተስማምተዋል፤ 112 ብለሽ ጻፊና ማኅተም እናሳርፍበት» ይሉኛል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማኅበሩ የቆመው በእሳቸው ልፋት ነው። ከአሁኑ ጣሪያ በላይ ብድር ጠይቀው የሚጠብቁ 19 አባላትም አሉ። ቃለ ጉባኤውን ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

ጡረተኛው አደራጅ

ልጄ፣ እንዳትፈርሚ። 26 ዓመት ማኅበራትን ሳደራጅ ኖሬያለሁ፤ የውሸት ቃለ ጉባኤ ስንቱን ማኅበር ሲበትን አይቻለሁ። የባንክ ፈራሚ ለመቀየር ባንኩ የሚጠይቀው ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ ነው። አዲሱ ኮሚቴ በዚያ ወረቀት ቼክ ይፈርማል፣ ብድር ያጸድቃል፣ ውል ይዋዋላል። ነገ አንድ ተበዳሪ አልከፍልም ብሎ ፍርድ ቤት ሲቆም፣ ጠበቃው «ይህን ኮሚቴ ማን መረጠው?» ቢል ምን ትመልሳላችሁ? ሾርባ ያደረስሽላቸው እናት ለምስክርነት ቢጠሩስ?

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ጠቅላላ ጉባኤውን የማኅበሩ የበላይ አካል ያደርገዋል። አባል በማኅበሩ ያለው ዕጣ (የድርሻ ገንዘቡ) ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ ነው። እንግሊዝ አገር ሮችዴል ላይ በ1844 እ.ኤ.አ. የኅብረት ሥራ ሱቅ የከፈቱት 28 ሰዎች ያስተላለፉልን መርሕ ነው። እንግዲህ ለ15 ሰው የፈረመው ሰው የራሱን ጨምሮ 16 ድምፅ ወሰደ ማለት ነው።

በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሸማቾች ስብሰባ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። ሰው የሚመጣው ስኳሩና ዘይቱ እንዳይቀርበት ነው፤ ደፍሮ የሚናገር አልነበረም። የእናንተዎቹ 97 ግን ፈልገው ነው የመጡት። እነሱን አክብረሽ እውነቱን ጻፊ፤ «97 አባላት ተገኝተዋል፤ ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ውሳኔ አልተላለፈም» በይ። የኦዲት ሪፖርቱ መነበቡን መጻፍ ትችያለሽ፣ ጸደቀ ማለት ግን አትችዪም። ከዚያ ደንባችሁ ስለ ሁለተኛ ጥሪ የሚለውን አንቀጽ አውጥተሽ ለሰብሳቢው አሳዪ።

ባለ ሱቁ

እኔም በሌላ ማኅበር ብድር ጠባቂ ነኝ። 11 ሰው ጎደለ ተብሎ የ19 ቤተሰብ ጉዳይ ሲቆም ያማል። የቀሩትም ቢመጡ ያው እጃቸውን ያወጡ ነበር።

ጸሐፊዋ ከፒያሳ

ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል፤ ከ19ኙ አንዷ የገዛ እህቴ ናት። ግን «ቢመጡ ያወጡ ነበር» የምንለው እኛ ነን። ጣሪያው ከፍ ሲል ገንዘቡ የሚወጣው ከሁሉም ቁጠባ ነው፤ ገላን ያለችዋ እንጀራ ጋጋሪ ከምታስቀምጠው ጭምር። እሷ «ይቆየን» ልትል ትችላለች። እስከዚያው 19ኙ በነባሩ ጣሪያ እንዲወስዱ፣ የቀረውን ሲወሰን እንዲጨመርላቸው አቅርቤያለሁ። ጋሼ አደራጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተወካይ ጉባኤ ማድረግስ ይቻል ይሆን?

ጡረተኛው አደራጅ

አባላቸው የበዛና የተራራቀ ማኅበራት ያደርጉታል። ግን መጀመሪያ ደንባችሁ መሻሻል አለበት፤ ደንብ የሚያሻሽለው ደግሞ ያው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንደምንም 108ቱን ሰብስቡና ይህንንም አጀንዳ አድርጉት። አጀንዳው ከጥሪው ጋር ይላክ፤ አዳራሽ ውስጥ ድንገት የሚወጣ አጀንዳ ጠብ ያመጣል።

የእድር ዳኛ ከልደታ

በኛ እድር የፊርማ ወረቀት ወንበር ለወንበር አይዞርም። በሩ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል መታወቂያ እያየ ያስፈርማል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ ስም ይጠራል፤ «አቤት» ያላለ አይቆጠርም። ፈርሞ ሹልክ የሚልም አለና።

ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ጥሪ አይባልም። ድሮ ጥሩምባ ነፊያችን በየደጁ ይዞር ነበር፤ ዛሬ ለ20 ሰው አንድ ደዋይ መድበናል፣ መልሱን «እመጣለሁ፣ አልመጣም፣ አላነሳም» እያለ ይመዘግባል። የቀረ ሰው እኛ ጋ መቀጮ አለበት፤ ሠፈራቸው ተነሥቶባቸው ሁለት ታክሲ ለሚይዙ ሰዎች ግን አልመክርም። ይልቅ ቦታውን ለውጡ። የባቡሩ ሁለት መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄዱት፤ ከአያት የመጣውም ከቃሊቲ የመጣውም ሜክሲኮ ይወርዳል። ፒያሳን እንደምትወዱ አውቃለሁ፤ አባሎቻችሁ ግን አሁን እዚያ የሉም።

ጸሐፊዋ ከፒያሳ

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አስለቀሰኝ፤ ልክ ነዎት አባባ።

ትናንት 97 ብዬ ጽፌ ለሰብሳቢያችን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ አወለቁ፣ እንደገና አነበቡ። ከዚያ «የስልክ ዝርዝሩን አምጪ፤ 20ውን እኔ እደውላለሁ» አሉኝ። 214ቱን ለ11 ደዋዮች አከፋፍለናል። ጉባኤው ቅዳሜ ከሰዓት እንዲሆን አስበናል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያረፍዱ ብዙ ናቸው።

ሜክሲኮ አካባቢ 130 ሰው የሚይዝ፣ ደረጃ የማይበዛበት አዳራሽ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ከሆስፒታል የወጡት እናት እመጣለሁ ብለዋል።