ታንደም ጋራዥ ያለው ታውን ሃውስ፦ እውነት የሁለት መኪና ነው?

ቤት_ፈላጊ
ሰላም ለሁላችሁ። ልንገዛ የምናየው ባለ ሦስት ፎቅ ታውን ሃውስ ምድር ቤቱ ታንደም ጋራዥ ነው፤ ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ሳይሆን ፊትና ኋላ ተሰልፈው የሚቆሙበት ማለቴ ነው። ፕላኑ ላይ ጥልቀቱ 11.40 ሜትር፣ ወርዱ 3.10፣ የበሩ ክፍት ደግሞ 2.40 ተብሎ ተጽፏል። ያሉን መኪኖች ኮሮላ ሴዳንና ደብል ጋቢና ሂሉክስ ናቸው። ሁለታችንም በየቀኑ እንነዳለን፣ የምንወጣበት ሰዓት ግን ይለያያል። ሻጩ «የሁለት መኪና ጋራዥ» ይለዋል። ከመፈረማችን በፊት ምን ምን እንይ?

ሜትር_በኪሴ
ፕላኑን ተዉትና ሜትር ይዛችሁ ግቡ። ፕላን ላይ ያለው ቁጥር የውሃ ማሞቂያውን፣ ወደ ውስጥ የወጣውን ኮለን፣ ወደ ቤት የሚያስገባውን የደረጃ እርከን አይቀንስላችሁም። የምትለኩት ከተዘጋው በር ውስጠኛ ገጽ ጀምሮ መኪናው መጀመሪያ እስከሚነካው ነገር ድረስ ነው። ያንንም በፓራውልት ከፍታ፣ ከወለሉ ግማሽ ሜትር አካባቢ ከፍ አድርጋችሁ ለኩ።

በእናንተ ቁጥር እንሂድ። ኮሮላ ሴዳን 4.63፣ ሂሉክስ ደግሞ 5.33 ሜትር ገደማ ስለሆኑ ድምሩ 9.96 ነው። ከ11.40 ሲቀነስ 1.44 ይተርፋል። ከፊት ግድግዳ 30 ሳንቲም፣ በሁለቱ መካከል 60፣ ከበሩ 54 ብትተዉ ይቆማሉ። ከጥግ ግን 60 ሳንቲም የሚወስድ የውሃ ማሞቂያ ካለ ትርፋችሁ 84 ሳንቲም ብቻ ይሆንና በየቀኑ በሴንሰር ጩኸት እየተመራችሁ ነው የምትገቡት። መካከል ላይ ያለው 60 ሳንቲም ደግሞ ለቅንጦት አይደለም። በሩ በኩል ያለው መኪና ባትሪ ቢሞት ቆሞ ኮፈኑን የሚከፍት ሰው የሚገባው እዚያ ነው።

ወርዱ ላይ፣ የሂሉክሱ ገላ 1.86 ስለሆነ 1.24 ይቀራል። በተሳፋሪው በኩል 30 ሳንቲም ካስጠጋችሁት ለሹፌሩ 94 ይተርፈዋል፣ በር ከፍቶ ለመውረድ በቂ ነው። ተሳፋሪ ውጭ ወርዶ ይግባ። በዚያኛው ግድግዳ ላይ 40 ሳንቲም ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ከሰቀላችሁ ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ስፖኪዮ ሲዘረጋ ወርዱ 2.1 ሜትር አካባቢ ስለሚደርስ በ2.40 በር በየጎኑ የሚቀረው 15 ሳንቲም ነው፤ ከጠባብ መተላለፊያ ታጥፎ ለሚገባ መኪና ቀጥ ማለቱ ራሱ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የወለሉን ተዳፋት ነው። ውሃ ወደ በሩ እንዲፈስ ወለሉ 1 በመቶ ቢያዘነብል፣ በ11.40 ሜትር ላይ ጥጉ ከበሩ 11 ሳንቲም ያህል ከፍ ይላል። በ2 በመቶ 23 ሳንቲም ገደማ ነው። ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ ያንኑ ያህል ከፍታ ከጥጉ ላይ ታጣላችሁ። ሂሉክሱ ፖርቶመጋላ ካለው ከፍታውን በሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ጥጉም ላይ፣ ከዝቅተኛው ቢም ሥር ለኩ። ወደ ላይ የሚታጠፈው በር ሲከፈት ጣሪያው ሥር የሚተኛበትን ቦታም አትርሱ።

ቁልፍ_ሰቃይ
ሜትሩ ከተስማማ በኋላ የሚወስነው ሰዓት ነው። ከጥግ ያለውን መኪና ለማውጣት ሦስት ጉዞ ይጠይቃል፦ በሩ በኩል ያለውን አውጥቶ መንገድ ላይ ማቆም፣ የጥጉን ማውጣት፣ ከዚያ የመጀመሪያውን መመለስ። ስለዚህ ውጭ ለአምስት ደቂቃ እንኳ መኪና የሚቆምበት ቦታ መኖሩን እዩ። የጋራ መተላለፊያው ላይ ማቆም ክልክል ከሆነ ቅያሪው በየቀኑ ከጎረቤት ጋር ያጋጫል።

ሰዎች «ጠዋት ቀድሞ የሚወጣ ማታ መጨረሻ ይቁም» ይላሉ። ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ቀድሞ የሚወጣው ቀድሞ የሚመለስም ከሆነ ጥግ የሚገባው እሱ ነው፤ ጠዋት መንገዱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ለዚህ ያለው መላ ሁለት ነው። ወይ ማታ ሁለተኛው ሲመጣ ሳይገባ በፊት መቀያየር፣ ወይ ሁለቱንም ቁልፍ ከቤቱ መግቢያ አጠገብ ሰቅሎ በር ላይ ያለውን መኪና ይዞ መሄድ። ሁለተኛው ይሻላል፤ ኢንሹራንሱ ሁለታችሁንም በሁለቱም መኪና የሚሸፍን መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

በር ላይ የቆመው ሲበላሽ የሚታሰረው ሁለቱም ነው። ኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ያለው መኪና ባትሪው ሲሞት ፍሬኑን አይለቅም። ብዙ አውቶማቲኮችም ባትሪው ከሞተ ከፓርክ አይወጡም፣ የመክፈቻውን ቦታ ከመመሪያ መጽሐፉ ማወቅ ያስፈልጋል። ተንቀሳቃሽ የባትሪ ማስነሻ ይኑራችሁ፣ የሚቀመጠውም መኪናው ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ የጋራዡን በር በእጅ የሚለቀውን ገመድም አሁኑኑ ስባችሁ ሞክሩት።

ፎቅ_ላይ
እኔ ያን ያህል አላማርረውም። ጎን ለጎን የሚያቆም ጋራዥ 5.5 ሜትር ያህል ወርድ ይፈልጋል፤ የቤቱ ጠቅላላ ወርድ 5 ሜትር ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ታንደሙ የቤቱን ፊት ሙሉ በሙሉ በር አያደርገውም፣ መግቢያና መስኮት ይተርፋል። አንድ መኪና ላለው ቤተሰብ ደግሞ ምርጥ ነው፤ የጥጉ 5 ሜትር ዎርክሾፕ፣ የብስክሌት ቦታ፣ የስፖርት ክፍል ይሆናል። በግድግዳ ከመከለላችሁ በፊት ግን የግንባታ ፈቃዱ ቦታውን እንደ ሁለተኛ ማቆሚያ ቆጥሮት እንደሆነ፣ የነዋሪዎች ማኅበሩ ደንብም የሚፈቅድ መሆኑን ጠይቁ።

የማልደራደርበት ጭሱ ነው። የጥጉ መኪና ጭስ የሚወጣው ከጋራዡ መሐል፣ ከመኝታ ቤቶች ሥር ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በሩን መክፈት ብቻውንም አይበቃም። ሞተር አስነስታችሁ ወዲያው ውጡ፣ «ይሙቅ» ብላችሁ አትተዉት። ወደ ቤት የሚያስገባው በር ራሱ የሚዘጋና ዙሪያውን የታሸገ ይሁን፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም መኝታ ቤቶቹ ባሉበት ፎቅ ኮሪደር ላይ ስቀሉ።

ወደፊት የኤሌክትሪክ መኪና ካሰባችሁ ቻርጀሩን በሩ አጠገብም ጥግም አትስቀሉት። ከረጅሙ ግድግዳ እኩሌታ ላይ፣ ከበሩ 5.5 ሜትር አካባቢ ከሆነ 7.5 ሜትር ገመድ ሁለቱንም ቦታ ይደርሳል። የራሱ መስመር ከብሬከሩ ይሳብለት።

ቤት_ፈላጊ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለቱንም መኪኖች ወስደን ቅያሪውን ራሱን እንሞክራለን። የጎማ ማቆሚያ ጎማ ወለሉ ላይ ብናስር ይጠቅማል? የት ላይ ይሁን?

ሜትር_በኪሴ
በጣም ይጠቅማል፣ በተለይ ለጥጉ መኪና፤ እሱ ከቦታው 20 ሳንቲም ቀድሞ ከቆመ ሁለተኛው በሩን አያዘጋም። ቦታውን በሜትር አታስሉት። መኪናውን በትክክል አቁሙት፣ ከፊት ጎማዎቹ ሥር በጠመኔ አስምሩ፣ ማቆሚያውን እዚያ አድርጉ። ቁመቱ 10 ሳንቲም ያህል ይበቃዋል። ታች የተገጠመ ፓራውልት ካላችሁ ግን ከመሬት ያለውን ከፍታ ቀድማችሁ ለኩ፣ አለዚያ ይቦጭቀዋል።

በብሎን ከማሰራችሁ በፊት ወለሉ ምን ዓይነት ሶሌታ እንደሆነ ገንቢውን ጠይቁ። ውስጡ የተወጠረ ኬብል ያለበት ሶሌታ ከሆነ በድሪል መብሳት አደገኛ ነው፣ ኬብሉ ከተመታ ጉዳቱ የእናንተ ብቻ አይሆንም። እንደዚያ ከሆነ በኢፖክሲ ማጣበቂያ አጣብቁት። ኮንክሪቱ ደረቅና ከዘይት የጸዳ ይሁን፣ ቀለም ካለውም ቀለሙን ፍቃችሁ አንሱ፤ ማጣበቂያው ቀለሙን ከያዘ ከቀለሙ ጋር ይነሳል።