ካምፓስ ከመዘጋቱ በፊት ምን እንጠይቅ? የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ባልደረቦች። ስለ ሙያ ማሰልጠኛ ካምፓሶች መዘጋት ባለፈው የተነጋገርነውን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ ሞክሬያለሁ። አንቀጽ 1 እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ የትኛውም የሙያ ማሰልጠኛ ካምፓስ እንዳይዘጋ ይጠይቃል።» እውነቱን ልናገር፣ እኔም አልወደድኩትም። ግን ከሆነ ቦታ መጀመር ነበረብኝ። ሰርዙ፣ ጨምሩ።

የብየዳ አሰልጣኝ፦ «አይዘጋ» ብቻ ብለን ብንሄድ «በምን ገንዘብ?» ይሉናል፤ አፋችንን ይዘን እንመለሳለን። ነገሩ የሚበላሸው የመዝጊያው ደብዳቤ ከመምጣቱ ብዙ ቀድሞ፣ በጀቱ ሲሰላ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው በሰልጣኝ ቁጥር ነው። የእኔ ወርክሾፕ ግን 20 ሰው ቢገባበትም 12 ቢገባበትም ያው ወርክሾፕ ነው። የጭስ መሳቢያው ይሠራል፣ መብራቱ ይቆጥራል፣ ማሽኑ ጥገና ይፈልጋል። ስምንት ሰው ሲጎድል ገቢው ይወርዳል፤ ወጪው ንቅንቅ አይልም። ያኔ መጀመሪያ የሚቀነሰው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የብየዳ ዘንጉ ነው። ኤሌክትሮድ ከሌለ ልጆቹ ቆመው ያያሉ እንጂ አይበይዱም። በቀጣዩ ዓመት ማን ይመዘገባል? ከዚያ «ፈላጊ የለውም» ተብሎ ይዘጋል።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦ ይሄን እንዳለ ረቂቁ ውስጥ አስገቡት። የእኔ ሐሳብ ድጋፉ ለሁለት ይከፈል ነው። አንዱ ወርክሾፑ በሩን ከፍቶ እንዲቆይ የሚሰጥ መሠረታዊ በጀት ይሁን። ሌላው በሰልጣኝ ቁጥር ይሰላ። መሠረታዊው ቢያንስ የ3 ዓመቱ አስቀድሞ ይታወቅ። በየዓመቱ በሚዋዥቅ በጀት ማን ደፍሮ ማሽን ይገዛል?

የጥናት ክፍል፦ የአውስትራሊያን ነገር ባናነሳ ይቆጨናል። መንግሥት ለሙያ ሰልጣኞች የሚያበድርበት ፕሮግራም ነበር፤ የግል ተቋማትም ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 325 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ዓመታዊ ብድር በ2015 ወደ 2.9 ቢሊዮን ተተኮሰ። ላፕቶፕ በነፃ እየሰጡ ሰው የሚያስመዘግቡ ደላሎች ነበሩ! ፕሮግራሙ በ2016 መጨረሻ ለአዲስ ተመዝጋቢዎች ተዘጋ። በዚያው በ2012 የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የመንግሥት የሙያ ተቋማቱን በጀት ቆረጠ። የስዊንበርን ዩኒቨርሲቲ የሊሊዴል ካምፓስም በ2013 ተዘጋ። በ2016 ቦክስ ሂል የተባለ ሌላ የመንግሥት ተቋም እዚያው ሥልጠና ጀመረ። ዘግቶ ለመክፈት ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ተዘጋ?

አንድ አባል፦ እኔ የማስተምረው የግል ተቋም ውስጥ ነው። ሁላችንንም በአንድ ዓይን አትዩን እንጂ! እኛም ውድ ማሽን ገዝተን የምናሰለጥን አለን።

ጸሐፊ፦ ልክ ነህ። ረቂቁ ላይ «የግል» ብለን አንለይ። አንቀጽ 2 እንዲህ ቢሆንስ? «የሕዝብ ገንዘብ የሚወስድ ማንኛውም ተቋም ስንት ሰው እንዳስመዘገበ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ሥልጠናውን እንደጨረሰ ያሳውቅ።»

አንድ አባል፦ በዚህ እስማማለሁ።

የምዝገባ ባልደረባ፦ ስለ መዝጋቱ ራሱ ምንም አልተባለም። መዝጋት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይሄን ካልተቀበልን ማንም አይሰማንም። (ደብዳቤው ላይ ግን «መዝጋት» አይባልም፣ «ማዋሃድ» ነው። የሚዋሃደውን እስካሁን አላየሁም።) እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ኮሌጅ ሲከስር የሚሠራበት ልዩ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት ሃድሎው ኮሌጅ ሕጉ የተሠራበት የመጀመሪያው ኮሌጅ ሆነ። ደስ ያለኝ ነገር ንብረቱን የሚረከበው አስተዳዳሪ ከአበዳሪዎች በፊት የሰልጣኞቹ ትምህርት እንዳይቋረጥ ማሰብ አለበት መባሉ ነው። እኛም ይሄን እንጠይቅ። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ የት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚደርስ በጽሑፍ ሳይሰጠው በሩ አይቆለፍ። «ቀጣዩ ካምፓስ ቅርብ ነው» የሚሉት ካርታ አይተው ነው። ቀን ሠርታ ማታ ለምትማር እናት ግን ሁለት መኪና መቀያየር ማለት ነው። እሷ ትቀራለች፤ መዝገቡ ላይ «በፈቃዷ አቋረጠች» ተብሎ ይጻፋል።

የብየዳ አሰልጣኝ፦ ማሽኖቹንም አትርሱ። «ይዛወራሉ» ይባላል። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ከመሠረቱ ተነቅሎ፣ ተጭኖ፣ እንደገና በውሃ ልክ ተስተካክሎ እስኪተከል ወራት ይፈጃል። የዚህን ወጪ «ይቆጠባል» ከሚሉት ገንዘብ ላይ ቀንሰው ያሳዩን።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦ ከአሠሪዎች መዋጮ መሰብሰብስ? እ.ኤ.አ. በ1942 የተቋቋመው የብራዚሉ የኢንዱስትሪ ሙያ ማሰልጠኛ ተቋም ሴናይ በዋናነት የሚንቀሳቀሰው የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ከደመወዝ ወጪያቸው በሚከፍሉት 1 በመቶ ነው።

ጸሐፊ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ራሱን የቻለ ሰነድ ይፈልጋል። እዚህ ከጨመርነው አሠሪዎች ላይ ስንከራከር ካምፓሱ ይዘጋል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆየን።

አዲሱ አንቀጽ 1፦ «ማኅበሩ መሠረታዊ በጀት ከሰልጣኝ ቁጥር ተለይቶ እንዲመደብ ይጠይቃል። የመዝጋት ውሳኔ ከመጽናቱ በፊት የማዛወሪያ ወጪው ተሰልቶ ይፋ ይሁን፤ እያንዳንዱ ሰልጣኝም ማስቀጠያ ቦታው በጽሑፍ ይሰጠው።»

የቀረን አንድ ነገር፦ ያንን ወጪ ማን ያስላ? ዘጊው ራሱ ነው ወይስ ገለልተኛ ኦዲተር? እኔ ኦዲተር እላለሁ። የምትቃወሙ እስከ ሐሙስ ጻፉ፤ ዓርብ አስገባዋለሁ።